ስሙ ያልተገኘው ዩኒቨርሲቲ

ልጄ ሐያት የተመደበችበትን ዩኒቨርሲቲ ካወቀች ወዲህ ከስልኳ አልተላቀቀችም። ትናንት ምሳ አቅርቤ ብጠራት አልመጣ አለች። ሄጄ ባያት የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ የወጣበትን ገጽ ከፍታ በጣቷ ወደ ታች ትገፋለች፤ የራሷን ፈልጋ ፈልጋ አጥታዋለች። «እማ፣ የለም እኮ!» አለችኝ። እዚህ ወልቂጤ ስንቱን ተማሪ ሳጽናና የኖርኩ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ የገዛ ልጄን ግን ማጽናናቱን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ አባቴ ግቢ ሄደብኝ።

ያኔ በሐያት ዕድሜ ነበርኩ። አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ ወሩም ጥቅምት ስለነበር ግቢያችን በሙሉ ቀልቶ ነበር። ሰሌን ላይ የተሰጣው ዛላ ፀሐይ ሲመታው አፍንጫ ይሰረስራል፤ እንግዳ ወደ ቤታችን የሚገባው እያስነጠሰ ነበር። እኛ ለምደነው ሽታው አይታወቀንም። ዛሬ ገበያ መሃል ድንገት ሲሸተኝ ግን ቆም እላለሁ።

የደረሰኝ ወደ ሰሜን፣ ገና አዲስ የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከሰፈራችን ያን ያህል ርቃ የሄደች ሴት ልጅ አልነበረችም። አባቴ ሲነገረው ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ይሁንታ ቆጠርኩትና ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

በዚህ መሃል መርካቶ ሱቅ ያለው አጎቴ ከድር መጣ። የእህቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባች ብሎ መርካቶን ሁሉ ያዳረሰ ሰው ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ አሳትሞ ይዞልን መጥቷል፤ የእኔ ዩኒቨርሲቲ ስንተኛ እንደሆነ አሳይቶ ሊያስደስተን። አባቴ አጠገብ ተቀምጦ ወረቀቱን እያገላበጠ ፈለገ።

«ወላሂ፣ የእኛዋ ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ የለም» አለ በመጨረሻ፤ ራሱም ደነገጠ።

ከአገራችን የተጻፈ አንድም እንዳልነበረ ማንም ልብ አላለም። አባቴ ግን ሲጠብቀው የኖረውን ነገር ያገኘ ይመስል ቀና አለ። «ዓለም የማያውቀው ትምህርት ቤት ልጄን አልሰድም። እዚሁ ከእኔ ጋር ትሁን፤ ንግድም ትምህርት ነው» አለ። ምዝገባው ደርሷል፤ ካለፈኝ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። ጓዳ ገብቼ በነጠላዬ አፌን አፍኜ አለቀስኩ።

እናቴ አልተከራከረችም። በእኛ ሰፈር ሰው ለሩቅ መንገድ ሲነሳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱዓ አድርገው ይመርቁታል። አባት ከሽማግሌዎቹ ጋር «አሚን» ካለ በኋላ የመንገዱ ነገር በእሱ እጅ ብቻ አይደለም፤ ማስቀረት ምርቃቱን መመለስ ነው፤ ይህን የሚደፍር የለም። እናቴ በማግስቱ አባቴ ገበያ እንደወጣ ጎረቤት ለጎረቤት ዞራ «ለሰሚራ መንገድ ዱዓ አለ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ እንዳትቀሩ» ብላ ጠራች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆጮዋን ጋግራ፣ ጎመኑን ከትፋ፣ አይቡን አቀረበች።

አባቴ ሲመለስ በሩ ላይ የጫማ ክምር ጠበቀው። ገባ፤ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ፤ ሁሉም መለሱለት። እናቴን አያት፤ እሷ ሳህን ታስተካክላለች። ሼህ አብደላ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ «ልጃችን መቼ ነው የምትነሳው?» ብለው ጠየቁት።

ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ። አባቴ ለመመለስ ቆየ። አንዱ ሽማግሌ በበርበሬው ሲያስነጥስ እንኳ የሳቀ አልነበረም።

«ሰኞ፣ ኢንሻአላህ» አለ አባቴ።

እጆች ተዘረጉ። ከሁሉም «አሚን» መሃል የእሱን ለይቼ ሰማሁት፤ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነበር።

ሄድኩ። ውሃ በጄሪካን የምንቀዳበት፣ ቤተ ሙከራው ባዶ የሆነበት ግቢ ነበር። አንድ ወጣት መምህራችን የሌለውን ዕቃ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ይስልልን ነበር፤ ኬሚስትሪን የወደድኩት በእሱ ጠመኔ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስለ ዓለም ደረጃ ያነሳ ተማሪ ትዝ አይለኝም፤ ጭንቀታችን መብራቱ፣ ፈተናው፣ የቤት ናፍቆቱ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ኋላ ውጭ አገር ለመማር ሳመለክት የትምህርት ቤቴን ስም የሚያውቅልኝ አጣሁ፤ ያኔ የአጎቴ ወረቀት ትዝ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ደረጃ ምንም አይደለም የሚለኝን ሰው ስለዚህ አላምነውም። ለዚያች ጓዳ ውስጥ ለምታለቅስ ልጅ ግን ጥያቄው ስንተኛ ነው አልነበረም፤ መሄድ ወይም መቅረት ነበር።

አባቴ በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ ራስጌው ተቀምጬ ሳለ፣ ሳልጠይቀው፣ «ያ ወረቀት» አለኝ። «ትምህርት ቤትሽ ከዓለም አንደኛ ቢሆን ኖሮም ሌላ ምክንያት አላጣም ነበር። ፈርቼ ነው፣ ሰሚራ። ርቀሽ እንዳትቀሪብኝ ፈርቼ ነው።» እጁን ይዤ አለቀስኩ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሐያት ስልኳን አስቀምጣ ታየኛለች። «ታዲያ ልቅር እንዴ፣ እማ? እዚሁ አንዱ ኮሌጅ ልግባ?» አለችኝ።

«ልቅር» ስትል ደስ አለኝ። ከመቀመጫዬ ሊያስነሳኝ እስኪደርስ ደስ አለኝ፤ ቤቱ ያለ እሷ እንዴት እንደሚሆን ስንት ሌሊት ሳስበው ከርሜያለሁ። ያ ስልኳ ላይ ያለው የደረጃ ዝርዝር እሷን ለማስቀረት ምን ያህል ሊያገለግለኝ እንደሚችልም ያኔ ገባኝ፤ «አዎ፣ ስሙ እንኳ የለም» ብል በቂ ነበር።

«ትሄጃለሽ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደከበደኝ እኔ አውቃለሁ። አባቴም ያን ቀን «ሰኞ» ለማለት ለምን እንደቆየ አሁን አወቅሁ።