ከእህቴ የዘገዩት መልእክቶች

ታናሽ እህቴ የቤት ሠራተኛ ሆና ዐረብ አገር ስትሄድ እኔ ቦንጋ አስተምር ነበር፤ እናታችን ዋጫ፣ የቡና ማሳዋ አጠገብ ነበረች። እህቴ የምትደውልልን አልፎ አልፎ ነው። በቀረው ጊዜ አሠሪዎቿ ሲተኙ በኢንተርኔት አጫጭር መልእክት ትልክልኝ ነበር። «ደህና ነኝ እታለም፣ እማዬን ሳሚልኝ» ዓይነት። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ዋጫ እየሄድኩ መልእክቷን ለእናቴ በቋንቋችን በካፊኖኖ እነግራታለሁ።

ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። የስልክ ዳታ ለተወሰነ ጊዜ ጭራሽ ጠፋ፤ ሲመለስም መልእክት የምንላላክባቸው መተግበሪያዎች ሁሉ ተዘግተው ቀሩ። እከፍተዋለሁ፣ ክቡ ምልክት ሲሽከረከር ይቆይና ይጠፋል። ስልኳ ላይ ስደውል ዝግ ነው። መጀመሪያ ብዙም አልተጨነቅኩም፤ ውጭ ዘመድ ያለው ሁሉ እንደኔ ተቆራርጦ ነበር። ዝምታዋ ሲረዝም ግን እናቴ ምግብ ቀነሰች። ጎረቤት ሲጠይቃት ሥራ በዝቶባት ነው ትላለች፤ ለብቻችን ስንሆን ልጄ ሞታ እንደሆነ አትደብቂኝ እያለች ትለምነኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሞባይል ካርድ ልገዛ መናኸሪያው አጠገብ ያለ የስልክ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ቤተሰቧ ለንግድ ከመሀል አገር መጥቶ ቦንጋ የቀረ፣ ልጇን ያስተማርኩላት ሴት ናት። ስለ እህቴ ጠየቀችኝና የሆነውን ነገርኳት። ስልኬን ተቀበለችኝ፤ ወደ በሩ አየት አድርጋ ከራሷ ስልክ ወደ እኔ አንድ ነገር ማስተላለፍ ጀመረች። ቪፒኤን ነው አለችኝ። ስሙን በመምህራን ማረፊያ ክፍል በሹክሹክታ ሰምቼዋለሁ፤ ግን የፖለቲካ ሰዎች ነገር እንጂ ለእኔ ቢጤ የሚሆን አይመስለኝም ነበር። ስልኬ በሌላ አገር በኩል ዞሮ የተዘጋው ውስጥ እንደሚገባ፣ መሀል ላይ ሆኖ የሚዘጋው ሰውም ምን እንደምከፍት እንደማያይ በሚገባኝ መንገድ አስረዳችኝ።

«እዚሁ ሞክሪው» አለችኝ፤ «መንገድ ላይ ግን እንዳትከፍቺው።»

ስልኬ አናት ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ብቅ አለች። ወዲያው ስልኩ እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይቆማል ስል እንደገና ይነሳል። ሁሉም ከእህቴ ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ እንደወትሮው ሰላምታ ናቸው። ቀጥሎ ለምን እንደማልመልስላት ትጠይቃለች። ቀጥሎ አሠሪዋ ስልኳን እንደወሰደችባት፣ አሁን የምትጽፈው ከአንዲት የአገራችን ልጅ ስልክ እንደሆነ። ከዚያ ሆስፒታል። ከፎቅ መስኮት መውደቋን በአንድ መስመር ብቻ ጽፋዋለች። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ነገ በአውሮፕላን ይልኩኛል። መራመድ አልችልም። ቦሌ መጥታችሁ ተቀበሉኝ።»

ቀኑን አየሁት። ሳምንታት አልፈውታል።

ባለሱቋ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ውሃ ሰጠችኝ። ሞታ ይሆን እያልን የምንፈራላት ልጅ አገሯ ገብታ ሰንብታለች። ከእኛ አንድ ሰው እንኳ ቆሞ አልጠበቃትም። ደጋግሜ መልእክት ጻፍኩላት፤ የከፈተው የለም።

ለእናቴ ሳልነግራት በማግስቱ ማለዳ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ጅማ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ምሳ ሲበላ እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። አዲስ አበባ ኤርፖርቱ ጋ ጠየቅኩ፤ ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞርኩ፤ በመጨረሻ አንዲት ነርስ ከዐረብ አገር ታመው የሚመለሱ ሴቶች የሚያርፉበት ቤት እንዳለ ነገረችኝና ሄድኩ።

እህቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ እስክደርስ አላወቅኳትም። ስታየኝ አላለቀሰችም፤ ፊቷን አዞረች እንጂ። የቤቱ ኃላፊ ሴትዮ የቤተሰቧን አድራሻ ደጋግመው ቢጠይቋትም ዘመድ የለኝም ብላ እንደቀረች ነገሩኝ። ይሄ ከመውደቋ በላይ አስደነገጠኝ።

«ለምን እንዲህ አልሽ?» አልኳት።

«አንብባችሁ ዝም ያላችሁ መስሎኝ ነው» አለች። «እንዲህ ሆኜ ስመጣ ያፈራችሁብኝ መስሎኝ።»

ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። እዚህ ሁሉ ነገር ተዘግቶ እንደከረመ፣ መልእክቶቿ አንድ ላይ የደረሱኝ ገና ከትናንት ወዲያ መሆኑን ነገርኳት። ስልክ በእጇ ስላልነበረ መዘጋቱን ጨርሶ አልሰማችም ነበር። ስልኩን ከእጄ ወስዳ የራሷን መልእክቶች ከላይ እስከ ታች አነበበቻቸው።

«ለእኔ ብቻ አልነበረማ የተዘጋው» አለች። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት።

ዋጫ ይዣት ስገባ እናታችን ጓሮ ነበረች። ስታየን ሮጣ መጣች። ልጇን መደብ ላይ አስተኝታ ከራሷ እስከ እግር ጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰቻት፤ የተሰበረው ዳሌዋ ጋ ስትደርስ እጇን እዚያው አኑራ ዓይኖቿን ጨፈነች። እህቴ እስከ ክረምቱ መውጫ ተኛች። መስከረም ላይ በምርኩዝ ቆመች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ገበያ ድረስ ብቻዋን መሄድ ጀመረች፤ እናቴም ከኋላ ከኋላዋ፣ እንዳታያት ራቅ ብላ ትከተላት ነበር።