ያልተለቀመ ስንዴ

ኅዳር ሃያ ቀን ጠዋት ከጉና በኩል የወረደ ጉም ግቢያችንን ሞልቶት ነበር። ሣሩ ውርጭ መትቶት ነጭቷል፣ አጥሩ እንኳ አይታይም። በኅዳር ጉም ብርቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን እስከ እኩለ ቀን አልተነሣም።

እትዬ ደሳለች ጎረቤቴ ነበሩ፤ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ከጋፋት ወደ ደብረ ታቦር ከተማ የገቡ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ሦስት ዓመት ደጅ ጠንተው የማርያም ማኅበር ገቡ። «የሺ፣ እንግዲህ ቀባሪ አገኘሁ» ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ጉማም ቀን ማግሥት፣ ኅዳር ሃያ አንድ፣ ለጽዮን ማርያም ተራው የእሳቸው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ስንዴውን የባላቸው ወንድም ከጋፋት ላኩላቸው። አዲስ ስንዴ ነው፣ ግን እንክርዳድ በዝቶበታል። እንክርዳድ ከስንዴው ጋር ከተፈጨ ራስ ያዞራል፤ ይህን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ስለዚህ ይበጠራል፣ ይነፋል፣ ከዚያም በእጅ ይለቀማል። የእትዬ ደሳለች ዓይን ደክሟል፤ ለቀማውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ትቼ እስከ ዛሬ የሰው እህል ስለቅም ነው የኖርሁት።

ግማሹን እንደ ለቀምሁ ባለወፍጮው ሞላ ከመንገድ ማዶ ጮኸ። «የሺ! መብራት ሊሄድ ነው፣ ካመጣሽ አሁን አምጪ!»

የቀረውን በወንፊት አንዴ ነፋሁና ደባልቄ ወሰድሁት። ትንሽ ነው፣ ምን ያደርጋል ብዬ።

አመሻሹ ላይ እትዬ ደሳለች ሊጡን በኮባ ቅጠል ሸፍነው፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርገው ጋገሩት። ዳቦው ኩፍ ብሎ፣ ቀልቶ ወጣ። በተረፈው ሊጥ ከጋገሯት ትንሽ ቂጣ ቆርሰው ለዶሯቸው ጣሉላት። ብዙም ሳይቆይ ዶሮዋ ክንፏን ጥላ ባለችበት መዞር ጀመረች።

«ፈንግል ይዟት ይሆን?» አሉኝ።

«ይሆናል» አልሁ።

በማግሥቱ ማኅበርተኛው መጣ። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። እትዬ ደሳለች አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው እየዞሩ፣ «በማርያም፣ አንድ ቁራሽ ጨምሩ!» ይላሉ።

ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ መሪ ጋሽ ይሻው ቀልደኛ ናቸው። «ደሳለች፣ ጠላሽ ምን ጉድ ነው? ገና ሳትቀጂልኝ ሰከርሁ!» አሉ።

ቤቱ ሳቀ። እኔ ዶሮዋ ትዝ አለችኝ።

አንዱ ሰውዬ ግድግዳውን ተደገፈ። አንዷ «ዓይኔ ጭልምልም አለብኝ» አለች። ሳቁ ቆመ። እመቤት የምትባለው የሚቀጥለው ወር ተረኛ ልትወጣ ስትነሣ የበሩ ደፍ ላይ ወደቀችና ግንባሯ ተፈነከተ።

«ምንድን ነው ያበላሽን?» አለች ደሟን እየጠረገች። «አንቺ ሴት፣ ምን አድርገንሽ ነው?»

«ኧረ በማርያም! እኔም እኮ በልቻለሁ!» እትዬ ደሳለች ከመሶቡ አንድ ቁራሽ አንሥተው ጎረሱ። እኔ በር ላይ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜያለሁ። ጎንበስ ብዬ የቅርቡን ዋንጫ ሞላሁ።

ሰው ሲበተን ተረኛዋ ጽዋውን ከባለተራዋ እጅ ተቀብላ ትሄዳለች፤ ወጉ ይኸው ነው። እመቤት አልተቀበለችም። ጽዋው መሶቡ ላይ እንደ ተቀመጠ አደረ። በማግሥቱ ሁሉም ደኅና ሆነው ተነሡ፤ ወሬው ግን ገበያ ደርሶ ነበር። ደሳለች መድኃኒት አበላች ተባለ። ማኅበርተኞቹም ጽዋውን ሰው ልከው አስወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ይሻው ቤት ሄድሁ። «እንክርዳዱን ሳልለቅም ያስፈጨሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«እኔስ ጠርጥሬ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ግን ማን ይሰማሻል? ጎረቤቷ ናት፣ አዝናላት ነው ይሉሻል። ያን ዕለት በር ላይ ሆነሽ ብትናገሪ ነበር።»

ለእትዬ ደሳለችም ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። «ዶሮዋን እኮ አይተናት ነበር» አሉ። ጥር ሳይገባ ዕቃቸውን ጫኑ።

እኔ ያው እዚያው ግቢ ነኝ። እትዬ ደሳለች አሁን አንበሳሜ፣ ከእኅታቸው ልጅ ከሠናይት ቤት ይኖራሉ። ማኅበር አልገቡም።