ቀን የሌላቸው እህትማማቾች

ልጄ የማርከር ክዳን ስትከፍት ሽታው አሶሳ ወሰደኝ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ አባቴ ለቢሮ ሥራ ተመድቦ ከጎጃም ይዞን ሄዶ ነበር።

አንድ ቀን በረንዳ ላይ ለጓደኛዬ የልደት ካርድ እሠራለሁ። ስኳር ድንች ለሁለት ቆርጬ፣ በምላጭ አበባ ፈልፍዬበት፣ ማርከር እየቀባሁ ወረቀቱ ላይ አትማለሁ። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጇ ጎረቤታችን እማማ ሐዋ አጠገቤ ተቀምጠው ያያሉ።

«እርስዎ መቼ ተወለዱ?» አልኳቸው።

«ቀን አላውቅም። እናቴ ማንጎ ሲበስል ወለደኝ።»

በሌላኛው ግማሽ ድንች ማንጎ ቀርጬ ለእሳቸውም በቢጫ አተምኩ። ስማቸውን ጽፌ ቀኑ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«የቱን ቀን ልጻፍ?»

«ዛሬ ጻፍ። ዛሬም ማንጎ አለ» አሉኝ። በእሳቸው አማርኛ እኔም እናታቸውም ወንድ ነበርን።

ቀለሙ እስኪደርቅ ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

በማግስቱ በምርኩዝ የሚሄዱ አንዲት አሮጊት እየደገፉ መጡ።

«ይሄ ታላቅ እህቴ ነው» አሉ። «እሱም ቀን የለውም።»

ለእሳቸውም ሠራሁላቸው። የትኛውን ቀን እንደሰጠኋቸው ግን ዛሬ ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ።