የጓድ ኃላፊው ሁለት መብራቶችና የእንጦጦ ቁልቁለት

በደርግ ጊዜ ሲግናል አጠገብ በነበረው የመሥሪያ ቤታችን ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉ አለቃ ጋሽ ወርቁ መሞከሪያ አምፑልና መጥረጊያ ሰጡኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ትምህርት ጨመሩልኝ። "ተጨማሪ መብራት ስትገጥም ሪሌው፣ ይቺ መብራቱን የምታበራና የምታጠፋው ትንሽ ሳጥን፣ የሚነቃበትን ቀጭን ሽቦ ከረጅሙ መብራት ውሰድ። ሹፌሩ ለሚመጣ መኪና ወደ አጭር ሲቀይር አብሮ ይጠፋል።" ይህን ለመረዳት ለእኔ ግማሽ ቀን በቃኝ። መሥሪያ ቤቱ ግን ኮሚቴ ማቋቋም አስፈልጎታል።

የደን ልማቱ ኃላፊ በላንድሮቨር እንጦጦ እየወጡ ችግኝ ይጎበኙ ነበር። ሲመሽ ጠመዝማዛው መንገድ አልታይ ስላላቸው የሰሃን ስፋት ያላቸው ሁለት መብራቶች አስመጡ። ዋናውን ሽቦ ከባትሪው በፊውዝ አድርጌ ወደ ሪሌው፣ ከሪሌው ወደ መብራቶቹ ዘረጋሁ፤ ቀጭኑን ሽቦ ከረጅሙ መብራት ጋር አገናኘሁ። ረጅሙ ሲበራ በሩ፤ ሲጠፋ ጠፉ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጓድ ኃላፊ መጡ።

"ይህን የሠራው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ጓድ።"

"ትናንት የጭነት መኪና ሲመጣብን መብራቶቼ ጠፉ!"

"የሚመጣው ሹፌር እንዳይታወር ነው፣ ጓድ።"

"የአብዮቱ መኪና ለማን ብላ ነው የምታቀረቅረው? ይሄ አሻጥር ነው!"

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው እቤቱ አያድርም። ፈራሁ። ጋሽ ወርቁም "ቀይርላቸው፣ ልጄ" አሉኝ። መብራቶቹን ከረጅሙ አላቅቄ ዳሽቦርዱ ላይ የራሳቸውን ማብሪያ ሠራሁላቸው። ጓድ ኃላፊ በገዛ እጃቸው አበሩና ማብሪያውን ማንም እንዳይነካው አዘዙ። እኩልነት ሰፍኗልና የችግኝ ማመላለሻዋ ላንድሮቨርም እንዲሁ ተደረገላት።

የኃላፊው ሹፌር ጋሽ ተሰማ ግን ጋራዥ ድረስ መጡ። "እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አሳውሬ ገደል ብከታቸው የምታሰረው እኔ ነኝ። የአምስት ልጆች አባት ነኝ እኮ!" አሉኝ። 

አንድ አመሻሽ ጓድ ኃላፊ ከእንጦጦ ሲወርዱ፣ የችግኟ መኪና ስትወጣ ኩርባ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ሹፌሮች እንደ ደንቡ ወደ አጭር ቀየሩ። አራቱ ትልልቅ መብራቶች ግን በአቋማቸው ጸኑ። የኃላፊው መኪና ቦይ ገባች። ጎትተው ያወጧቸው ሸክማቸውን ጥለው የሮጡት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። የኃላፊው ግንባር አበጠ፤ ጋሽ ተሰማ በቸልተኝነት ተከሰው ቀበሌ ታሰሩ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የችግኟ መኪና ጋራዡ ግቢ ውስጥ ቆመች። ጀንበር ስትጠልቅ ኮሚቴውና ጓድ ኃላፊ ከፊቷ ተደረደሩ፤ ጋሽ ተሰማም በጥበቃ ታጅበው ከጎን ቆሙ። እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ "አብራ!" ተባልኩ። አበራሁ። ሁሉም ዓይናቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ።

"አጥፋው! አጥፋው እንጂ!" ብለው ጮኹ ጓድ ኃላፊ።

"ጓዶች፣ መንካት ክልክል ነው" አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ።

ማንም አልሳቀም፤ በግልጽ ማለቴ ነው። አጠፋሁት። በማግስቱ ጋሽ ተሰማ ልጆቻቸው ዘንድ ገቡ። እኔ ያን ቀን ያለቀስኩትን ማንም አላየም። ብዙም ሳይቆይ ተጨማሪ መብራቶች ሁሉ ከረጅሙ መብራት ጋር እንዲገናኙ ታዘዘ፤ ሐሳቡም የጓድ ኃላፊ ፈጠራ ነው ተብሎ በስብሰባ ተነገረን። አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ ተጨማሪ መብራት ገጥሜ ስጨርስ፣ መጀመሪያ ባለቤቱን ከመኪናው ፊት አቁሜ አበራበታለሁ። ስለ ሽቦው የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።