የፀጉር አስተካካዩ ሆድ

ፀጉር አስተካካዩ ሽንት ቤት ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ሚስቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትቀልድበት ኖራለች። «ኧረ ውጣ፣ ወይስ ፍራሽ ላምጣልህ?» ትለዋለች በሩን እየደበደበች። «ሆዴ ደርቆ ነው፣ ተይኝ» ይላል እሱ። እሷ ግን ወሬውን ለጎረቤት ሁሉ አዳርሳዋለች።

አምና የቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድካም ነው ብሎ ደበቀ። ደንበኞቹ የሚወዱት ምላጩን ነበር፤ ጢማቸውን ሲላጩ እንቅልፍ ወስዷቸው የሚያንኮራፉም አልጠፉም። አንድ ቀን የአንድ ጡረተኛ መምህር አገጭ ቆረጠ። መምህሩ ደሙን ጠርገው ሂሳባቸውን ከፈሉ። እሱ ግን ምላጩን ጠቅልሎ «በቃ፣ እጄ ከዳኝ፤ ፀጉር ቤቱን እዘጋለሁ» አለ።

ሚስቱ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ መርምራ ፓርኪንሰን የሚባል፣ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ በሽታ መሆኑን ነገረቻቸው። ቀጥላም «የሆድ ድርቀት ነበረብዎት?» አለችው። እሱ አፍሮ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ሚስቱ መለሰች፦ «ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ዶክተር!»

ሐኪሟ አልሳቀችም። በብዙ ሕሙማን ላይ ድርቀቱ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ እንደሚመጣ፣ አንጀታቸው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ከጤነኛ ሰው ለየት ብለው እንደሚገኙ አስረዳቻቸው። በሽታው በአንዳንዶች ላይ ከአንጀት ይነሳ ይሆናል ብለው የሚጠረጥሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ግን ገና አልታወቀም።

«እኔ እኮ ስስቅብህ ኖርኩ» አለች ሚስቱ መንገድ ላይ፣ እንባዋ እየቀደማት።

«ማን ያውቅ ነበር? ደግሞ አንቺ ባትስቂ ኖሮ ሃያ ዓመቱን ማን ያስታውስልኝ ነበር?»

እንባዋን ጠረገች። «እንግዲያው ምላጩን አስተምረኝ። ማሽኑን አንተ፣ ምላጩን እኔ። ፀጉር ቤቱ አይዘጋም።»

በማግስቱ ማለዳ ደንበኛ ሳይመጣ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉንጩን አረፋ ቀባ።

«ቆዳውን ወጠር፣ ምላጩን ጋደም አድርጊው።»

«ብቆርጥህስ?»

«እኔስ መምህሩን ቆርጬ የለ?»

ምላጩ ጉንጩ ላይ ሲያርፍ እጇ ተንቀጠቀጠ። የእሱም በወንበሩ መደገፊያ ላይ ይንቀጠቀጣል። በመስታወቱ ተያዩ።

«ተጋባብሽ» አላት።

«ዝም በል፣ እንዳታስቀኝ!»

ዓይኑን ጨፈነ። የእሷ እጅ ቀስ በቀስ ረጋ። አንዱን ጉንጭ ሳትጨርስ ባሏ ማንኮራፋት ጀመረ።