እርጥቡ የዋንዛ ሰደፍ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። በየዓመቱ «ሌላስ?» ይሉኛል፤ በየዓመቱ ቀለል ያለውን ኃጢአት መርጬ እሰጣቸዋለሁ። እናንተ የምታነቡት ግን አታውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ይቀላል። ፈሪ መሆኔን ከዚሁ እወቁልኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አርስ ነበር። ከእርሻ በተረፈኝ ጊዜ ደስ የሚለኝ ጠመንጃ መሥራት ነበር። መሥራት ስል፣ ከአባቴ የወረስኩት ውጅግራ እንጨቱን ምስጥ በልቶት ብረቱ ብቻ ቀርቶ ነበርና፣ አዲስ ሰደፍ ልጠርብለት ተነሣሁ። የተገዛ ጠመንጃ ማንም አለው፤ እኔ በእጄ የሠራሁትን አንግቤ በጥር ጊዮርጊስ ከፈረሰኞቹ ጋር መውጣት አማረኝ። ዋንዛውን የቆረጥኩት በኅዳር ነው። ልብ በሉ፣ በኅዳር።

ሰው አላምንም ነበር፤ ዛሬም አላምንም። ሥራዬን ከጎተራው ጀርባ እደብቃለሁ፤ የጎረቤት ኮቴ ስሰማ ሞረዱን ጥዬ ሥራ ፈት እመስላለሁ። ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀጥቃጩ አያ ይስማው። ብረቱን ከእንጨቱ የሚያያይዙትን ቀለበቶች ሌላ ማን ይሠራልኛል? መጣ፤ ሰደፉን አገላብጦ አየ፤ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገውና፣

«እኔን ከሰማኸኝ ይህ እንጨት ገና ነው፤ ውኃውን አልጨረሰም። ለከርሞ ጊዮርጊስ ይድረስልህ» አለኝ።

እኔ ምክር አልሰማሁም። ምን አስቀናው? ለምን ይህን ያህል አየው? ስል ሰነበትኩ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ማረሻችንን ይስልልናል፤ ማዕዳችን ላይ ግን አይቀርብም።

የጊዮርጊስ ዕለት፣ ሜዳው መሐል ስጋልብ፣ ሰደፉ ከአንገቱ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ቀለበቱ ወልቆ ብረቱ በአንድ ጎን ተንጠለጠለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁን መቻል አቃተኝና «ይስማው ዓይኑን ጥሎበት ነው!» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ቤቴ ገብቼ ስንጥቁን ስፈለቅቀው ውስጡ እርጥብ ነበር። በጣቴ ነካሁት፤ ቀዘቀዘኝ። ያን ጊዜ አወቅሁ። አውቄም እሳት ውስጥ ጨመርኩት። አልነድ ብሎ ሲጨስ ዋለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። በዚያው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ታመመች። ኩፍኝ ነበር፤ ሰው ግን የእኔን ቃል አስታወሰ። ለይስማው ማረሻ የሚሰጥ ጠፋ። ሚስቱ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ጥለዋት ይሄዱ ጀመር። በኋላም ከአገር ይውጣ ተባለና ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሊቀመጡ ቀን ቆረጡ። በዋዜማው አያ ይስማው ደጄ መጣ። ግባም አላልኩት።

«ወንድሜ፣ እንጨቱ እርጥብ እንደነበረ አንተ ታውቃለህ። ይህችን ብቻ ተናገርልኝ። ልጆቼን ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?»

እናገራለሁ አልኩት። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ ግን ምን አልኩ? «እሱ ካየው ወዲያ ነው የተሰነጠቀው» አልኩ። ተንኮሌን እዩልኝ፤ ቃሉ ሐሰት እንኳ አይደለም! በሳምንቱ ይስማው ወናፉን በአህያ ጭኖ፣ ልጆቹን አስከትሎ ሄደ። አላወቅሁም እንዳልል አውቃለሁ። ልጅነት ነው እንዳልል የልጅ አባት ነበርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አዘና ገበያ ላይ ማጭድ ዘርግቶ ሲሸጥ አገኘሁት። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። እግሩ ላይ የምወድቅበት ጊዜ ያ አልነበረም? እኔ ግን ያቀፍኳትን ሴት ልጄን በጋቢዬ ሸፈንኳት። እንዳያያት። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ፣ የእንጨቱን እርጥበት በጣቴ የነካሁት እኔ፣ ዓይኑን የፈራሁትም እኔ!

ስሸፍናት አየ። ልጄን ይዤ እስካልፍ ድረስ አቀረቀረልኝ።

እናንተን አልበደልኩምና ይቅር በሉኝ አልልም። እሱን ይቅር በለኝ ማለት ስችል ልጄን ሸፈንኩ።