እልሄን ጽናት ያሉልኝ ጊዜ

ሰው «ጽኑ ሴት ናት» ሲለኝ ፊቴን የማዞረው ትሕትና ይዞኝ አይደለም። ሀፍረት ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከጅማ ወደ ሰቃ የተዳርኩ ጊዜ ስለ ቡና የማውቀው አፍልቶ መጠጣት ብቻ ነበር። የባሌ ታላቅ እህት ግን ቡና ውስጥ ያደገች ናት፤ ቤቷም ከእኛ አጥር ቀጥሎ ነው። በመጣሁ በሳምንቴ እሸት ቡና ስለቅም አየችኝና ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «ማሎ፣ እባካችሁ፣ ይቺ የከተማ ልጅ ቲማቲም የምትገዛ መሰላት እንዴ? አንዷን ፍሬ ስንቴ ነው የምታገላብጣት!» አለች። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

በዓመቱ የአማቴን ቡና እኔ ካላደረቅሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። አማቴ፣ እኛ አዮ የምንላቸው፣ ያቺን ማሳ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ኮትኩተው ያቆዩ ሰው ናቸው። ያን ዓመት ከምርቷ የሚያፈስ ቆርቆሯቸውን ሊያስቀይሩ አስበው ነበር።

«ልጄ፣ ደቦ እንጥራልሽ። የባልሽ እህትም ታግዝሽ» አሉኝ።

«አዮ፣ እርስዎ ይረፉ። ብቻዬን እችላለሁ።»

ቻልኩም። ቡናው የሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ዘንድ ውዬ አመሻለሁ። ጠዋት እዘረጋለሁ፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጣለሁ፣ ማታ እሸፍናለሁ። እጄ ተሰነጣጠቀ። አማቴ ለጎረቤቱ «ማሻ አላህ፣ ጽናቷን አያችሁ?» ይላሉ። እኔ ግን ባገላበጥኩ ቁጥር ዓይኔ አጥሩ ላይ ነበር። የባሌ እህት ብቅ ስትል እጄ ይፈጥናል፤ ስትገባ ወገቤን ያመኛል።

አማቴና ባሌ ሊሙ ገነት ለቅሶ በሄዱበት ቀን ጊዜውን ያልጠበቀ ዝናብ ወረደ። ሮጬ ላስቲኩን አለበስኩ፤ ቡናው ግን እስክደርስ ርሶ ነበር። በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። እርጥብ ቡና ላስቲክ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያልበዋል፣ ካላበው በኋላ ይሻግታል። ይህን አላውቅም ነበር ብል ደስ ባለኝ። አውቅ ነበር። ልገልጠው ጫፉን ይዤ ሳለ ከአጥሩ ማዶ ድምጿ መጣ።

«አንቺ! ክፈቺው! ይታፈናል!»

ለቀቅሁት። አሁን ብከፍተው እሷ ስላዘዘችኝ ይሆናል አልኩ በልቤ። ጓዳ ገብቼ ምስር መልቀም ጀመርኩ።

«ማሎ፣ እባክሽ ክፈቺው እንጂ!»

ወደ ጅማ የምትሄድበት ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋባትና ሄደች። ከሄደች በኋላ እንኳ አልከፈትኩትም። ማታ ደግሞ ይዘንብ ይሆናል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ስገልጠው ሽታው ቀድሞ ወጣ። ፍሬው ላይ አመድ የመሰለ ነገር ተኝቶበታል።

አማቴ ሲመለሱ አልጋውን ዞረው አዩ። አንዱን ፍሬ አንስተው አሸተቱት።

«ዝናብ ነው። የአላህ ሥራ ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሉ።

የባሌ እህትም ከጅማ ተመልሳ እዚያው ቆማለች። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሰፌድ አምጥታ ከእናቷ ጎን ተቀመጠችና የተበላሸውን ከደህናው ይለዩ ጀመር፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ለቀናት። ማንም ቆሞ አላያቸውም። ጎረቤት መጣ ሄደ፣ የአማቴ ጣት አልፈጠነም፣ አልዘገየም። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እለቅም ነበር፤ ቀና ብዬ ግን ማየት አልቻልኩም።

ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፣ አስተማሪ አልነበረኝም። ስለዚህ ቃል ስወድ ለብቻዬ ነው የምወደው፣ ስሳሳትም ለብቻዬ። እልህና ጽናት የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኝ ነበር፤ ሁለቱም እጅ ይሰነጥቃሉ። አጥሩን እያየ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ሰፌድ አጠገብ ነው።

ቆርቆሮው አልተቀየረም። ክረምቱን አማቴ መኝታቸው አጠገብ ባልዲ አስቀምጠው ከረሙ። ለመጣው ሰው ሁሉ «ምራቴ ጽኑ ናት፣ ዝናቡ ነው እንጂ» ይላሉ። ባልዲው ውስጥ ውሃው ጠብ ባለ ቁጥር እኔን የሚጠራኝ ይመስለኛል።

እሸቱ እንደገና ሲቀላ የባሌን እህት ቤት አንኳኳሁ።

«ዘንድሮ መጥተሽ አደራረቁን አሳዪኝ» አልኳት።

«ያን ቀን ስጮህ ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሰምቼሽ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለእናቴ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያ መጀመሪያ እዚያ ሂጂ። የቡናው አልጋ የትም አይሄድብሽም።»

አማቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «ነይ፣ የኔ ጽኑ» አሉኝ።

«አዮ፣ እንደሱ አይበሉኝ» አልኩና እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነገሩን ከላስቲኩ መንገር ጀመርኩ።